ማጋነን ጀግናን ያሳንሳል፦ ከምናለሽ ተራ የመጣችው ታንክ

(በወጣቶች መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። በአካል ላልተገኛችሁ የገጻችን ተከታታዮች እንዲደርሳችሁ ተጽፎ ቀርቧል።)



ዛሬ ባዶ እጄን አልመጣሁም። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኳት፣ ከኋላ ያላችሁት እየተንጠራራችሁ የምታዩዋት ነገር ታንክ ናት። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ርዝመቷ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 14፣ ቁመቷ 13 ነው። በጫማ ካርቶን ነው ያመጣኋት፤ ክዳኑ አልገጥም ስላለ በሲባጎ አሰርኩት። የታክሲው ረዳት "ምንድን ነው የያዝከው?" ቢለኝ "ታንክ" አልኩት። "ከሆነም ጭንህ ላይ ያዛት፣ ወንበር ከያዘች ታስከፍልሃለች" አለኝ።

የተሠራችው እዚሁ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ነው። የሠሯት ሰው ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። "እኔ ምድጃ ሠሪ ነኝ፤ ምድጃ ላይ ስም አይጻፍም" አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ ጋሼ እያልኩ ብቻ እጠራቸዋለሁ።

ስለዚች ታንክ የምነግራችሁ ግን እንድትደነቁ ብቻ አይደለም። ዕዳ አለብኝ። ዕዳዬ ደግሞ የእናንተ ነው።

ባለፈው ዓመት ስለ አባቶቻችን ተጋድሎ አንድ ጽሑፍ ለቅቄ ነበር። ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል፣ አጋርታችሁታልም። "አባቶቻችን 60 ቶን የሚመዝነውን የፋሺስት ታንክ በጎራዴ ማረኩት" ይላል። ከላዩ ላይ ፎቶ አለ፦ ቤት የሚያክል ታንክ፣ መድፉ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ። ላይኩ ዘነበ። "ደሜ ፈላ" ያለ አለ፤ "አነባሁ" ያለችም አለች። ፎቶው የማን ነው፣ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። እናንተም አልጠየቃችሁኝም። ስሜት ሲሞቅ ጥያቄ ይቀዘቅዛል አይደል?

እሺ። አሁን ወደ ምናለሽ ተራ እንሂድ።

ምናለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ ብዙ ቀርቶበታል። ስሙ የወጣው "ምን አለሽ?" ከሚለው ጥያቄ ነው ይባላል፤ በየሰፈሩ እየዞሩ የእናቶችን አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች ጥያቄ። ዛሬም "ቁራሌው!" እያለ በየበራችን የሚያልፈው ልጅ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ ጣሳና ብረት ብዙው መድረሻው እዚያ ነው። በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማ ገመድ ይሆናል። የዘይት ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። በእኛ ቤት ያለቀለት ነገር እዚያ ገና ይጀመራል። የመዶሻው ጩኸት ደግሞ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር በእጅ ምልክት ያነጋግርሃል።

ለእናቴ የከሰል ምድጃ ልገዛ ነበር የሄድኩት። ጋሼ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ዋጋ ስከራከር መደርደሪያው ላይ፣ በምድጃና በመጥበሻ መሃል፣ ይቺን አየሁ።

"ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ትራክተር ናት?"

"ታንክ ናት።"

"የማን ታንክ?"

"የጣልያን። የ28ቱ።"

ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ያፍረኛል እንጂ፣ ያን ጊዜ ሳቅሁ። "ጋሼ፣ ይቺማ ታንክ አይደለችም። መድፉ የታለ? የሚዞረው አናቷ የታለ? እኔ እኮ ስለዚህ ጉዳይ ጽፌአለሁ!" ብዬ ስልኬን አውጥቼ ያንን ፎቶ አሳየኋቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ብዙም አልቆዩም።

"ይሄ የጀርመን ነው፣ ልጄ። ታይገር የሚሉት። ይሄ ጦር ሜዳ ሲወጣ የእኛ ሰዎች ጣልያንን አስወጥተው ጨርሰዋል።"

እውነታቸውን ነው። ቤቴ ገብቼ አጣራሁ። ታይገር 57 ቶን ገደማ የሚመዝን የጀርመን ታንክ ነው፤ ወደ ውጊያ የገባው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን የወረረው በ1935፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱት በ1941። በሌላ አነጋገር ያ ሁሉ ላይክ የዘነበበት ፎቶ አባቶቻችን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት፣ በዚያን ጊዜ ያልነበረ ታንክ ፎቶ ነው። ደማችሁን ያፈላሁት በሰው አገር ብረት ነበር።

አባቶቻችን የገጠሙት ይቺን ነው። ይቺኑ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን።

ጋሼ ከመሳቢያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። ዳርና ዳሩ በቅባት ጠቁሯል። ውስጡ በእርሳስ የተሣለ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን ቁጥር አለ። ፊያትና አንሳልዶ የሠሯት ታንክ ናት፤ ኤል 3 ይሏታል፣ የ33ና የ35 የሚባሉ ዓይነቶች አሏት። ጣልያኖችም ከባዶ አልተነሱም፤ ካርደን ሎይድ ከተባለች የእንግሊዝ ትንሽ ተሽከርካሪ አይተው፣ ተምረው ነው የሠሯት። የእውነተኛዋ ርዝመት 3 ሜትር ከ17፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። እስቲ ብድግ በሉና ራሳችሁን ለኩ፤ ደረታችሁ ላይ ነው የምትደርሰው። ክብደቷ 3.2 ቶን ገደማ። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል።

ጋሼ ሁሉንም በ10 አካፍለው ነው የሠሯት። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ "ክብደቷንስ በ10 አካፈሉት?"

"ሞኝ!" አሉኝ። "ርዝመቷም ወርዷም ቁመቷም በ10 ካነሰ፣ ክብደቷ በ1000 ነው የሚያንሰው። 3 ኪሎ ከ200 መሆን አለባት።" ቆርቆሮው ብቻውን ያን ያህል አይመዝንም፤ ስለዚህ ሆዷ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት አድርገው፣ ሚዛን ላይ አውጥተው፣ 3 ኪሎ ከ200 አድርገው ዘጉት። ማንም አያየውም እኮ! "ለምን ደከሙ?" ስላቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ዓይን ቢታለል እጅ አይታለልም። ያነሳት ሰው ይወቃት ብዬ ነው።"

ስንወጣ በየተራ አንሷት። ትገርማችኋለች።

አሁን ቀረብ በሉና እዩዋት። የፊት ብረቷን ተመልከቱ። የእውነተኛዋ ብረት በወፍራሙ ቦታ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣታችሁ ወርድ ብዙ አይበልጥም። በ10 ሲካፈል 1.4 ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ላሜራ 1.5 ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "ምን ልዩነት አለው?" ብሎ ያልፈው ነበር። ጋሼ በሞረድ አወረዱት። በየጠርዙ የተደረደሩትን ጉብ ጉብ ያሉ ነጥቦች አያችሁ? የሪቬት ራስ ናቸው፤ ከትንንሽ ምስማር ራስ ተቆርጠው አንድ በአንድ የተበየዱ። ከሥር ያሉት ትንንሽ እግሮች ሦስት ሦስት ሆነው የተያያዙ ናቸው፤ በጣት ስትጫኗቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሰንሰለቷን መጀመሪያ በብስክሌት ካቴና ሠርተውት ነበር። ዞረ፣ ሠራ፣ ሁሉም ሰው አደነቀ። እሳቸው ግን "የብስክሌት ካቴና የብስክሌት ነው" ብለው አወለቁት፤ ከላሜራ እያንዳንዱን ጥርስ ቆርጠው እንደገና ገጣጠሙት።

ቀለም የላትም። ብረቷ እንዳለ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "ቀለም ጥፋት ይሸፍናል" አሉ። ምናለሽ ተራ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በነጻ ይታደላል።

እንዲህ ለፍተው የሠሯት ታንክ ታዲያ ለምን በምድጃ መሃል ተቀመጠች? ያዘዛት ሰው ነበር። መጥቶ አያት፣ ፊቱን አጨማደደ። "ጋሼ፣ ከላይዋ የሚዞር አናት ጨምሩባት። መድፍም ይኑራት። እንዲህ ሆና ማን ታንክ ናት ይላል? ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ይስቅብኛል" አለ። ዋጋ እጨምራለሁም አለ። ጋሼ እምቢ አሉ። "አናት አልነበራትም። የሌላትን አልሰጣትም።" ሰውየው ቀብዱን ተቀብሎ ሄደ።

አስቡት። የሚከፍል ደንበኛ፣ ያውም ጨምሬ እከፍላለሁ የሚል፣ አሰናበቱ። ለአንዲት የጠላት ታንክ ልክ ሲሉ! እኔ ግን በነጻ፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ለላይክ ብዬ መድፍ ጨመርኩባት። ከሁለታችን ታሪክ ያከበረው ማን ነው?

ከዚያ የተደረገውን ነው እንድትሰሙ የምፈልገው።

ጋሼ ታንኪቱን አውርደው የብረት ማስቀመጫው ላይ አኖሯት። "ጎንበስ በል" አሉኝ። "ዓይንህን ከመትረየሶቿ ጋር አስተካክል።" ጎንበስ አልኩ። ከፊቷ ጎን ለጎን የወጡ ሁለት መትረየሶች አሏት፤ 8 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከኋላቸው ሆኜ በእነሱ አቅጣጫ አየሁ። ጋሼ የሚጠጡበትን የሻይ ብርጭቆ ከፊት ለፊቷ አስቀመጡ።

"ብርጭቆው ይታይሃል?"

"ይታየኛል።"

"ትመታዋለህ?"

"እመታዋለሁ።"

ብርጭቆውን አንስተው ከጎኗ አስቀመጡት። "አሁንስ?"

መትረየሶቹን በጣቴ ገፋሁ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይቆማሉ። እውነተኛዋም እንደዚያው ናት፤ መትረየሱ ያለው ከሚዞር አናት ላይ ሳይሆን ከፊት ገላዋ ላይ ስለሆነ ወደ ጎን ለመተኮስ ታንኪቱ ራሷ መዞር አለባት።

"አልችልም" አልኩ።

ብርጭቆውን ከኋላዋ አስቀመጡት። "አሁንስ?"

ዝም አልኩ።

"አየህ?" አሉኝ ብርጭቆውን አንስተው ሻያቸውን እየተጎነጩ። "አናት ብጨምርባት ኖሮ ይሄን አታይም ነበር። የእኛ ሰዎች እንዴት እንዳሸነፏት የተጻፈው እዚህ ላይ ነው፤ በሌላት ነገር ላይ።"

ወገኖቼ፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለፈው ዓመት ጽሑፌ ከእጄ ወደቀ።

እስቲ ታሪኩን በልኩ እንንገረው። ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሠራዊታቸውን ይዘው፣ አብዛኛው በእግሩ፣ የአውሮፕላን ድብደባ እየወረደበት፣ ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ተከዜ ደረሱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው ግንባር ቀደም ጦራቸው ሽሬ ውስጥ ደምበጉና በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ክሪኒቲ የሚባል የጣልያን ሻለቃ ከሚመራው ጦር ጋር ገጠመ። ከክሪኒቲ ጋር እነዚህ ታንኮች ነበሩ።

የእኛ ሰዎች ምን አደረጉ? መተላለፊያውን ዘጉ። ሸንተረሩን ያዙ። ታንኮቹ መንገድ ለመክፈት ሲወጡ ድንጋያማው መሬት አሰራቸው፤ በጠባብ ቦታ መዞር አልቻሉም። መዞር ያልቻለች ታንክ ደግሞ፣ አሁን በብርጭቆው እንዳየነው፣ ከፊቷ ውጭ ዕውር ናት። ከፊት አልገጠሟትም። ከጎንና ከኋላ ቀረቧት። ከኋላ ዘለው ላይዋ ላይ ስለወጡ፣ ክዳኗን ስላንኳኩ፣ መትረየሷን በእጅ ስላጣመሙ ተዋጊዎች ብዙ ይነገራል። በቀኑ መጨረሻ ታንኮቹ አገልግሎት መስጠት አቁመው ቀሩ፣ የጣልያን ጦር አፈገፈገ፣ የራስ እምሩ ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ገፋ።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት አባቶች 60 ቶን ብረት በጎራዴ የሚቆርጡ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሳይሆኑ ተረት ናቸው። ተረትን ማድነቅ ይቻላል፣ ከተረት መማር ግን አይቻልም። 60 ቶን ብረት በጎራዴ ቁረጥ ብትባል ምን ታደርጋለህ? ምንም። ትስቃለህ፣ ላይክ ታደርጋለህ፣ ታልፋለህ።

በጋሼ ታንክ ውስጥ ያሉት አባቶች ግን ሌላ ናቸው። በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ብረት እሳት እየተፋ ሲመጣባቸው አልሸሹም፤ ያም ብቻ አይደለም፣ አዩት። አጠኑት። ይሄ ነገር ወደዚህ ይተኩሳል፣ ወደዚያ አይተኩስም አሉ። እዚህ ቦታ ይዞራል፣ እዚያ አይዞርም አሉ። መሬታቸውን ያውቃሉና መሬቱን መሣሪያ አደረጉት። ልብ ብቻ አልነበራቸውም፣ ጭንቅላትም ነበራቸው። እኔ ልባቸውን አገንናለሁ ብዬ ጭንቅላታቸውን ሰረቅኋቸው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ማለት ነው።

ማጋነን ጀግናን ያሳንሳል የምለው ለዚህ ነው። ጠላቱን ስታገዝፈው ጀግናው የሚገዝፍ ይመስልሃል። በእውነቱ ግን ከሰው ተራ ታወጣዋለህ፤ ከሰው ተራ የወጣ ደግሞ አርአያ አይሆንም።

በልኩ መንገር ማለት ደግሞ መራራውንም መንገር ነው። ደምበጉና ጦርነቱን አልጨረሰም። ከሳምንት ገደማ በኋላ የጣልያን አውሮፕላኖች ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ ይፐሪት የሚባለውን የመርዝ ጋዝ ጣሉ። ጣልያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ነበረች። ይሄ መሣሪያ ከኋላ ዘለህ የምትወጣበት ጀርባ የለውም። በየካቲት መጨረሻ የሽሬው ጦር ተሸነፈ። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ሄደው መዋጋታቸውን ቀጠሉ፤ ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣልያን ተወሰዱ፣ ዓመታትን በእስር አሳለፉ። ይሄን ስነግራችሁ ድሉ አነሰባችሁ? እኔ በዛብኝ። ነገ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ ያን ቀን ያንን ያደረጉ ሰዎች ናቸው።

ከመሃላችሁ አንዱ ቅድም በጎን "የእኛን ጀግና መሥራት እያለ ለምን የጠላትን ታንክ ይሠራሉ?" ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ጋሼን ጠይቄአቸው ነበር። "ጀግናውንማ ሁሉም ይሥለዋል" አሉኝ። "ያሸነፈውን ነገር የሚያሳይ ከሌለ ግን ምን እንዳሸነፈ በምን ይታወቃል?" ስለዚህ ይቺን ታንክ ስታዩ የጣልያንን ጉልበት እያደነቅን እንዳይመስላችሁ። ባዶውን ቦታ ተመልከቱ፤ ጎኗንና ጀርባዋን። እነሱ የቆሙት እዚያ ነው።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ይቺ ታንክ የተሠራችበት ሰፈር ራሱ ስሙ ከየት መጣ? መርካቶ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። በወረራው ጊዜ ጣልያኖች የከተማውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንስተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት። እነሱ ሄዱ፣ ገበያው የእኛ ሆኖ ቀረ፣ እነሱ ያላሰቡትን ያህል ሰፋ። የጋሼን መሣሪያዎች ስም ስሙ፦ ላሜራ፣ ብሎን፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የጣልያንን ታንክ፣ በጣልያን ስም በሚጠራ ሰፈር፣ በጣልያንኛ ስም በሚጠሩ መሣሪያዎች፣ ከጣሳና ከበርሜል ቁርጥራጭ አንድ ኢትዮጵያዊ በልኳ ሠርቶ ምድጃ መሃል አስቀመጣት። ይሄም አንድ ዓይነት ምርኮ ነው ብል አጋነንኩ?

እሺ፣ ትንሽ አጋነንኩ። ይቅር በሉኝ፣ ልማድ ነው።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ጋሼ ልጅ ሆነው "የቀጥቃጭ ልጅ" እየተባሉ ነው ያደጉት። ትምህርት ቤት አጠገባቸው የማይቀመጥ ልጅ ነበር። በዚህ አገር ማረሻውን ለገበሬው፣ ጦሩን ለዘማቹ፣ ምጣዱን ለእመቤቷ የሠራው እጅ ለዘመናት ተሰድቧል፤ ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ፋቂ ተብሏል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲታረም አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ንጉሥ በአዋጅ የከለከለው ስድብ እስከ ጋሼ ልጅነት ድረስ ኖረ። ዛሬስ አለቀ? እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ መልሱ።

አፄ ቴዎድሮስን የማይወድ ወጣት እዚህ ቤት የለም። ግን ቴዎድሮስ ከሁሉ አስቀድሞ ምን ፈለጉ? ባለሙያ ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሰዎችንና የአገሩን ሠራተኞች አሰባስበው መድፍ አሠሩ። 7 ቶን ገደማ የምትመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣች፤ በሰው ጉልበት ወራት በፈጀ ጉዞ፣ ገደል እየተናደ መንገድ እየተጠረገላት መቅደላ ደረሰች። ዛሬም እዚያው አለች። አምሳያዋ ደግሞ እዚሁ ከተማችን፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆማለች። በየቀኑ በታክሲ እናልፋታለን። ስንቶቻችን ወርደን አይተናታል? የንጉሡን ሹሩባ ቲሸርት ላይ አሳትመናል፤ የንጉሡን ሕልም፣ የባለ እጁን ክብር፣ ግን ምናለሽ ተራ ጥለነው መጥተናል።

እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል። ያ ያለፈው ዓመት ጽሑፍ ከገጹ ላይ አይጠፋም። ማጥፋት ቀለም መቀባት ነው፤ ጋሼም ቀለም ጥፋት ይሸፍናል ብለዋል። ከላዩ ላይ "ፎቶው የጀርመን ታንክ ነው፣ ተሳስቻለሁ" ብዬ እጽፍበታለሁ፤ የዚችን ፎቶ ከልኳ ጋር እለጥፍበታለሁ። ያጋራችሁት እርማቱንም አጋሩልኝ። እርማት እንደ ውሸት አይሮጥም፣ አውቃለሁ፤ እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል።

ከእናንተ ደግሞ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የታሪክ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ምንድን ነው? የት ነው? መቼ ነው? መልስ ከሌለው አትለጥፉ። ደማችሁ ለአምስት ደቂቃ ባይፈላ አትሞቱም። ሁለተኛ፣ በዚህ ሳምንት ቴዎድሮስ አደባባይ ውረዱና ሴባስቶፖልን ዙሯት፤ በእጃችሁ ስንዝሯት። ሦስተኛ፣ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ምድጃ ባትገዙም ሂዱ። አንድ ሰው ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ሲጨርስ "እጅዎ ይባረክ" በሉ። ከመዶሻው ጩኸት የተነሳ ላይሰማችሁ ይችላል፤ ደግማችሁ በሉት።

እኔን በተመለከተ፣ ይቺ ታንክ የእኔ አይደለችም። ልገዛት ብዬ ነበር፣ ጋሼ አልሸጡልኝም። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሥራ ያስተምራሉ፤ እሷን አይቶ ሁለተኛዋን እየሠራ ነው። የእሱ እስክታልቅ መለኪያው ይቺ ናት። ለዛሬ ብቻ ነው ያዋሱኝ። ስወስዳት ምን አሉኝ መሰላችሁ? "ስትመልሳት መጀመሪያ እመዝናታለሁ።"

ስለዚህ ሁላችሁም አንሷት፣ እዩዋት፣ ጎንበስ ብላችሁ በመትረየሷ በኩል ተመልከቱ። ከዚያ በጎኗ ዙሩ፣ በጀርባዋ ቁሙ። ነገ ጠዋት 3 ኪሎ ከ200 ሆና መመለስ አለባት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!